ያልተረጎምኩት ቀልድ

(በሀደራ በማኅበራችን ዓመታዊ ምሽት ላይ ከቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ ቄሶቻችንና ሽማግሌዎቻችን፣ እናቶቻችንና አባቶቻችን፤ ከኋላ ተቀምጣችሁ ስልካችሁን የምትነካኩ ወጣቶችም ጭምር። የመጣሁት በተለይ ለእናንተ ነውና ትንሽ ታገሱኝ።

አዘጋጆቹ «ስለ ባህላችን ተናገር» ሲሉኝ ስለ ቡናችን፣ ስለ እስክስታችን፣ ስለ ሲግድ እንድናገር ጠብቀው ይሆናል። ስለ እነዚህ ከእኔ በተሻለ የሚነግሯችሁ አሉ። እኔ ዛሬ ስለ ሳቅ ነው የምናገረው። ሳቅም እንደ ቡናው ባህል ነው፤ ካልተጠበቀም እንደ ቡናው ይበርዳል።

የአስራ አንድ ዓመት ልጅ ሳለሁ የአያቴ አስተርጓሚ ነበርኩ። እዚህ ካላችሁት ወላጆች ብዙዎቻችሁ ይህን ሥራ ታውቁታላችሁ፤ ደመወዝ የለው፣ ዕረፍት የለው። ኩፓት ሆሊም እኔ፣ ቢቱዋህ ለኡሚ እኔ፣ ባንክ እኔ። አንድ ቀን ጊቭዓት ኦልጋ ካለው ቤታችን ተነስተን ሐኪም ዘንድ ሄድን። ሐኪሙ ከወረቀቱ ቀና ሳይል «የት ነው የሚያማት?» አለኝ። ተረጎምኩላት። አያቴ ትንሽ አሰብ አደረገችና «የማያመኝን ይጠይቀኝ በለው፤ ቶሎ ይጨርሳል» አለች።

እኔ ለሐኪሙ ያልኩት «ወገቧንና ጉልበቷን» ነው።

ከዚያ የልደት ቀኗን አየ። እንደምታውቁት ከወላጆቻችንና ከአያቶቻችን የብዙዎቹ መታወቂያ ላይ የተጻፈው ጃንዋሪ 1 ነው። ሐኪሙም «ሁላችሁም በአንድ ቀን ነው እንዴ የተወለዳችሁት?» አለ። ይህን ስነግራት «አዎን፣ መንደሩ በሙሉ በአንድ ሌሊት ነው የተወለደው፤ እኔስ ያሳዘነችኝ አዋላጇ ናት በለው» አለች።

እኔ ለሐኪሙ ያልኩት «አታውቀውም» ነው።

ሐኪሙ አልሳቀም። ምን ብሎ ይስቃል? አያቴ እሱን አየችው፤ ዞር ብላ እኔን አየችኝ። «አልነገርከውም?» አለችኝ። «ነግሬዋለሁ፣ እምዬ» አልኳት። ዋሸኋት።

ለምን እንደዚያ አደረግሁ? አማርኛዬ ወይም ዕብራይስጤ ስላነሰኝ አይደለም፤ ፈርቼ ነው። በአማርኛችን «ሳቁልን» እና «ሳቁብን» በአንዲት ፊደል ነው የሚለያዩት። በዚያ ዕድሜዬ የማውቀው «ብ»ን ብቻ ነበር። ትምህርት ቤት በስሜ ተስቆብኛል፤ በምሳ ዕቃዬ ተስቆብኛል። ስለዚህ አያቴን ከሳቅ አዳንኳት መሰለኝ። ያደረግሁት ግን ሌላ ነው። ሐኪሙ ያያት ዝም ያለች፣ ወገቧን የሚያማት፣ ልደቷን የማታውቅ አሮጊት ናት። መንደሩን ሁሉ በሳቅ ታፈርስ የነበረችዋን ሴት አላገኛትም። ያቺ ሴት በር ላይ ቀረች፤ እንዳትገባ የከለከልኳትም እኔ ነኝ።

ደግሞ እኔ ብቻ አይደለሁም። በዚህ አገር ስንት ሺህ ሕፃናት አስተርጓሚ ሆነን አድገናል! ሕመሙን ተረጎምን፣ ችግሩን ተረጎምን፣ ማመልከቻውን ተረጎምን። ቀልዱን ዘለልነው። አገሩም ወላጆቻችንን ያወቃቸው ያለ ቀልዳቸው ነው።

እርግጥ ነው፣ አንዳንዱ ቀልድ ቢተረጎምም እሺ አይልም። የጎንደሩን ሊቅ አለቃ ገብረ ሃናን ሽማግሌዎቻችን ያውቋቸዋል። ከሚነገሩላቸው ጨዋታዎች አንዱ ይህ ነው፦ አለቃ መንገድ ላይ አህዮች እየነዳች የምትሄድ ሴት ያገኙና «እንደምን አደራችሁ?» ይሏታል። ሴትዮዋ አንድ ናት። «አደርሽ» ማለት ሲገባቸው «አደራችሁ» ብለው አህዮቹንም አብረው ጠየቁ! እስቲ ይህን በዕብራይስጥ ንገሩኝ። «ቦከር ቶቭ» ለአንድም ለብዙም ያው ነው፤ ለሴትዮዋም ለአህያውም ያው ነው። ቀልዱ ያለው በግሱ ጭራ ላይ ነው። ጭራዋን የማያውቅ ልጅ አህዮቹን አያይም።

ይህ ነገር የእኛ ብቻ አይደለም። በስፔን ሰሜን ምዕራብ ጫፍ ጋሊሲያ የሚባል ክፍለ ሀገር አለ፤ ሕዝቡ ከስፓኒሽ ሌላ የራሱ ቋንቋ አለው። ስፔናውያን በጋሊሲያ ሰዎች ሲቀልዱ «የጋሊሲያን ሰው ደረጃ ላይ ብታገኘው እየወጣ ይሁን እየወረደ አታውቅም» ይላሉ። ቁርጥ ያለ መልስ አይሰጥም ማለታቸው ነው። ጋሊሲያዎቹ ግን አልተቀየሙም። ያንን ጠምዘዝ አድርጎ የመናገር ጥበብ «ረትራንካ» ብለው ይጠሩታል፤ ይኮሩበታልም፤ በገዛ ቋንቋቸው የሚሠሩት ኮሜዲም ከዚሁ ነው የሚቀዳው። ይህን ስሰማ ሳቄ መጣ። የእኛ ሰው «ደህና ነህ ወይ?» ሲሉት «ምን እልሃለሁ፣ አለሁ» ይል የለ? ይህ ሰው እየወጣ ነው ወይስ እየወረደ? ሰሙን ይዘን ወርቁን መፈለግ የእኛም ሙያ ነው።

ጥያቄው ግን ቀልዱን ማን ይጻፈው ነው። በ1964 በዚህ አገር «ሳላህ ሻባቲ» የተባለ ፊልም ወጣ። ከምሥራቅ አገር መጥቶ ማዓባራ ውስጥ ስለሚኖር ስደተኛ የሚናገር ኮሜዲ ነው፤ ለኦስካርም ታጭቷል። ጸሐፊውና ዳይሬክተሩ ኤፍራይም ኪሾን በ1949 ከሀንጋሪ የመጣ ሰው ነው። ሳላህን ሆኖ የተጫወተው ሃይም ቶፖል ደግሞ ከምሥራቅ አውሮፓ ከመጡ ወላጆች ቴል አቪቭ የተወለደ ነው። ክፉ አስበው ነው አልልም። ኪሾን ራሱም ማዓባራ ውስጥ ኖሯል፤ ፊልሙም ባለሥልጣኖቹን ይነካቸዋል። ነገር ግን የተሳቀው በአንድ ሕዝብ አነጋገር ሆኖ፣ ብዕሩ በዚያ ሕዝብ እጅ አልነበረም።

እኛስ? ዮሲ ቫሳን ታውቁታላችሁ። በልጅነቱ እንደ ብዙዎቻችን ወላጆች በሱዳን በኩል በእግር የመጣ፣ እዚሁ ጎረቤታችን ኔታንያ ያደገ ልጅ ነው። ከሻይ ቤን አታር ጋር የሠራው የአንድ ሰው ቲያትር ስሙ «በአማርኛ ሲሆን የበለጠ ያምራል» ማለት ነው። በዕብራይስጥ ነው የሚጫወተው፤ ርዕሱ ግን «ዋናው ሌላ ቦታ አለ» እያለ ይነግራችኋል። ከዚያ በ2017 «ነብሱ» የተባለው ተከታታይ ኮሜዲ በቴሌቪዥን ወጣ። ኢትዮጵያዊው ጊሊና አሽከናዚዋ ታማር ተጋብተው፣ የሁለቱ ወገን ቤተሰብ በመካከላቸው ሲገባ የሚሆነውን ያሳያል። በኖቬምበር 2018 ኒው ዮርክ ላይ በኮሜዲ ዘርፍ ኢንተርናሽናል ኤሚ ሽልማት አገኘ። ርዕሱንም ልብ በሉ። መጽሐፍ ላይ «ነፍስ» ብለን እንጽፋለን፤ በአፋችን ግን «ነብስ» ነው። ያ የእናቶቻችን የቤት ቃል በፕራይም ታይም ወጣ፤ አገሩ ሁሉም ጠራው።

አንድ ሽማግሌ ስለ ተከታታዩ ስንጫወት «ልጄ፣ ገመናችንን ለምን አደባባይ ያወጡታል?» አሉኝ። አባባላቸውን አልናቅሁትም። በ2015ም በ2019ም ወጣቶቻችን በፖሊስ ድርጊት ተቆጥተው አደባባይ ወጥተዋል። ልጁ ማታ ወደ ቤቱ በሰላም ይመለስ እንደሆነ የምትጨነቅ እናት «ኑ እንሳቅ» ሲሏት ብትቆጣ እውነት አላት። ቀልድ የሰልፍ ምትክ አይደለም፤ የፍርድ ቤትም ምትክ አይደለም። ሆኖም ሰው የሚራራልህ አንድ ነገር ነው፣ የሚያከብርህ ሌላ ነገር ነው። በቀልድህ አብሮህ የሳቀ ሰው ለዚያች ደቂቃ እንደ አንተ አስቧል። ሐኪሙ የአዋላጇ ነገር ገብቶት ቢስቅ ኖሮ ከወረቀቱ ቀና ይል ነበር። ቀና ካለ ደግሞ አያቴን ያያት ነበር።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ፣ ወጣቶች። ፊልም ሠሪዎች ከሁሉ የሚከብደው ክፍል ሁለት ነው ይላሉ፤ አዲስ የነበረው ነገር ያልቅበታል። በስፔን በ2014 አንድ የአንዳሉሲያ ሰው ለሚወዳት ልጅ ሲል የባስክ ተወላጅ መስሎ የሚታይበት ኮሜዲ ወጣ፤ ሕዝቡ ጎረፈለት። በዓመቱ ክፍል ሁለት ሲመጣ ታሪኩን ወደ ካታሎኒያ ወሰዱት። ያው ቀልድ እዚያው ቦታ ሁለተኛ አያስቅማ!

የእኛ ክፍል አንድ የአዲስ መጪው ቀልድ ነበር፦ መርካዝ ቅሊጣ፣ ኡልፓን፣ የሚሄደው ደረጃ፣ በጣሳ የታሸገው ምግብ። እሱ ደርሶበታል፤ እናንተ ብትደግሙት የሌላ ሰው ልብስ ነው የሚሆንባችሁ። ክፍል ሁለት የእናንተ ነው። ከማኅበራችን ልጆች አንዷን አንዲት ሴትዮ «መቼ መጣሽ?» ብላ ጠየቀቻት። ልጅቷ እዚሁ ሀደራ፣ ሂሌል ያፌ ሆስፒታል ነው የተወለደችው። ምን ብላ መለሰች መሰላችሁ? «ከሂሌል ያፌ፤ ጉዞው አስር ደቂቃ ፈጀብን!» ዕብራይስጡ የሰብራ ነው፤ ቀልዱ ግን የአያቴ ነው። አልጮኸችም፣ አልተሳደበችም፤ ሴትዮዋም ስቃ ይቅርታ ጠየቀቻት።

ግን ልጅቷ ይህን ከየት አመጣችው? ጠይቄያታለሁ። ከአያቷ ጋር በአማርኛ የምታወራ ልጅ ናት። አማርኛ የማይሰማ ልጅ ከአያቱ ጋር ሲቀመጥ የሚያስቀው አነጋገራቸው ነው፤ የሚሰማው ልጅ ደግሞ በነገራቸው ይስቃል። እንደ «ልን» እና «ብን» ማለት ነው።

ስለዚህ የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። ከዛሬ ጀምሮ እያንዳንዳችሁ ከአያታችሁ፣ አያት የሌላችሁ ከጎረቤት፣ አንድ ቀልድ ተቀበሉ። በተባለበት አማርኛ፣ በፊደል ጻፉት። ፊደል ካልቻላችሁ በስልካችሁ ቅዱት፤ እኛ እንጽፋለን። ለሚቀጥለው ዓመት መጽሔታችን አንድ ገጽ እንዲተውልን አዘጋጆቹን ጠይቄ እሺ ብለውኛል። ገጹ ባዶ ከወጣ የሚያፍሩት እነሱ ሳይሆኑ እኛ ነን።

አያቴ፣ ዝክሮና ሊቭራኻ፣ ከዚህ ዓለም ስትለይ ለሺቫው የሥራ ባልደረቦቼ መጡ። አማርኛ የማይሰሙ፣ ምን እንደሚሉ የቸገራቸው ሰዎች ነበሩ። አንዱ «ምን ዓይነት ሰው ነበረች?» አለኝ። ያን ጊዜ የሐኪሙን ነገር ነገርኳቸው፤ የማያመኝን ይጠይቀኝ ያለችውን፣ የአዋላጇን፣ አንድም ሳላስቀር። ለቅሶ ቤት መሆኑን ረስተው ሳቁ። እናቴ ከማዶ ሆና «ምንድን ነው የሚያስቃቸው?» አለችኝ።

«እምዬ ናት» አልኳት። ይህን ጊዜ ግን አልዋሸሁም።