ስለ ሯጭ እግርና ስለ ወጌሻው
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በስፖርት ክበብ አባሎች የተሰጠ ንግግር)



በዚህ የደስታ ቀን ስለ ዋንጫና ስለ ሜዳሊያ ብንናገር ለጆሮ ይጥም ነበር። ነገር ግን እኛ የስፖርት ክበብ አባሎች ተመካክረን የመረጥነው ዋንጫ ስላላገኙት መናገር ነው። ይኸውም ሩጫ ጀምረው በእግር ሕመም ስላቋረጡት ጓደኞቻችንና እነርሱን ሊረዳ ስለሚችለው ባለሙያ ነው።

ሶዶ ለሩጫ የተመቸች መሆኗን ማስረዳት አያሻም። ከተማችን በዳሞታ ተራራ ግርጌ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ተቀምጣለች። ዳገቱ ልብንና ሳንባን ያሠለጥናል፤ ቁልቁለቱ ግን ጉልበትንና አገዳን ይፈትናል። ስለዚህ ሯጭ በሚበዛበት ስፍራ ሁሉ የእግር ሕመም መብዛቱ የማይቀር ነው።

በአገራችን አጥንት ሲሰበር ወይም መጋጠሚያ ሲወልቅ የሚጠራው ወጌሻ ነው። ይህ ስም በሕዝብ ዘንድ የተወደደ ስለሆነ በእግር ኳስ ሜዳ ተጫዋች ሲወድቅ ሮጦ የሚደርሰውንም ሰው ወጌሻ እንለዋለን። በዘመናዊው ትምህርት ደግሞ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ አለ። ይህ ባለሙያ የተጎዳውን አካል በእንቅስቃሴ፣ በማሸትና በልክ በተሰጠ ሥራ የሚያክም ነው። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1894 አራት ነርሶች ለዚህ ሙያ ማኅበር አቋቋሙ፤ ዛሬ በአገራችንም የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሙያውን በዲግሪ ያስተምራል።

እግር ምን ያህል ሀብት እንደሆነ ከሻምበል አበበ ቢቂላ ታሪክ እንማር። አበበ ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በአዲስ ዓመት ዋዜማ፣ በሮማ ከተማ ማራቶንን በባዶ እግሩ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ አሸነፈ። በጥቅምት 1957 ዓ.ም. በቶኪዮ፣ ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ጥገና ካስወጣ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ፣ ጫማ አድርጎ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሴኮንድ ዳግመኛ አሸነፈ። ከድሉም በኋላ ሜዳው ላይ ተኝቶ ሰውነቱን ሲያፍታታ ዓለም በመገረም ተመለከተው። በጥቅምት 1961 ዓ.ም. በሜክሲኮ ግን ያ ብርቱ ሰው በእግሩ ሕመም ምክንያት ግማሽ መንገድ ሳይደርስ አቋረጠ፤ ድሉንም ማሞ ወልዴ ወሰደው። እንግዲህ አበበን ያስቆመ ሕመም እኛን ቢያስቆመን ምን ያሳፍራል?

በዚያው ዓመት አበበ በመኪና አደጋ ከወገቡ በታች ሽባ ሆነ። በእንግሊዝ አገር በስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ታከመ። በዚያ ሆስፒታል ዶክተር ሉድቪግ ጉትማን ስፖርትን የሕክምና ክፍል አድርገውት ነበርና፣ አበበ በ1962 ዓ.ም. በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጦ በቀስት ውድድር ተሰለፈ። እንቅስቃሴ መድኃኒት መሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚመሰክር የለም።

ሐኪሙ ራሱ ሯጭ ሲሆንስ? ሆካን አልፍሬድሰን የተባለ ስዊድናዊ የአጥንት ሐኪም ሯጭ ነበር። ከተረከዙ በላይ ያለው ወፍራም ጅማት ታመመበት። ቀዶ ጥገና እንዲደረግለት ቢጠይቅ አለቃው እንቢ አለው። እንደሚተረከውም፣ «ቢበጠስ እንኳ ያክሙኛል» ብሎ የታመመውን ጅማት በከባድ ሥራ አስጨነቀው። ጅማቱ ግን በመበጠስ ፈንታ ዳነ። እ.ኤ.አ. በ1998 ባሳተመው ጥናት 15 ሯጮች በደረጃ ጫፍ ላይ በእግራቸው ጣቶች ቆመው ተረከዛቸውን ቀስ ብለው ወደ ታች እንዲያወርዱ አደረገ፤ 15 ጊዜ በ3 ዙር፣ ጉልበትን ዘርግቶም አጥፎም፣ ጧትና ማታ፣ ለ12 ሳምንት። ሁሉም ወደ ሩጫቸው ተመለሱ። የእኛው ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ከሲድኒው የ1993 ዓ.ም. ድል በኋላ በዚሁ ዓይነት ጅማት ሕመም ቀዶ ጥገና እንዳደረገ ስናስታውስ የነገሩ ክብደት ይገባናል።

የሚሮጥ ባለሙያ ጥቅሙ ይህ ነው፤ «ሩጫ ተው» ብሎ ብቻ አያሰናብትም። በሳምንት ስንት ቀን እንደምንሮጥ፣ ርቀቱን በድንገት ጨምረን እንደሆነ፣ በምን መሬትና በምን ጫማ እንደምንሮጥ፣ ምን ያህል እንደምንተኛና እንደምንበላ ይጠይቃል። ቢሆንም እርሱም ሩጫ ስለሚወድ ቶሎ እንድንመለስ ሊያዳላ ይችላል። ስለዚህ ፍቅሩ በትምህርት ሊገራ ይገባል።

አንድ ነገር በተለይ ለወላይታ ልጆች እንናገራለን። የአበበን ባዶ እግር አይቶ በባዶ እግር ልሩጥ የሚል ወጣት አይጠፋም። በአካባቢያችን ግን ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተገኘው ቀይ አፈር በባዶ እግር ውስጥ እየገባ ዝሆኔ የተባለውን የእግር ማበጥ ያመጣል። እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ ጥናት በወላይታ ዞን ከ100 ሰዎች ውስጥ ከ5 የሚበልጡት ይህ ሕመም እንዳለባቸው አሳይቷል። ከአፈር የሚመጣው ይህ ዝሆኔ እርግማን አይደለም፤ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። ጫማ በማድረግና እግርን በሳሙና በመታጠብ ይከለከላል። የቶኪዮው አበበ ጫማ አድርጎ ማሸነፉን አንርሳ።

ስለዚህ ሦስት ነገር እንለምናለን።

አንደኛ፣ ጓደኞቻችን ሆይ፣ ሕመም አትደብቁ። ከልምምድ በኋላ ጡንቻ ቢዝል በጥቂት ቀን ይለቃል። ነገር ግን በአገዳ ላይ በጣት በሚነካ አንድ ቦታ ብቻ የሚያም፣ ሲዘሉ የሚብስና ሌሊትም የማይተው ሕመም የአጥንት ስንጥቅ ሊሆን ይችላልና ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ።

ሁለተኛ፣ ወላጆቻችን ሆይ፣ ልጃችሁ እግሬን አመመኝ ስትል ስንፍና ነው አትበሉ። ወጌሻን እናከብራለን፤ ሆኖም የተሰነጠቀ አጥንት በኀይል ቢታሽ ይብሳል፤ አጥብቆ ማሰርም ደም አግዶ እግርን እስከ ማስቆረጥ ሊያደርስ ይችላል። መጀመሪያ ሐኪም ይየው።

ሦስተኛ፣ መምህሮቻችን ሆይ፣ የታመመ ሯጭ ዐርፎ ሲመለስ ቦታው ይጠበቅለት። ሕመም የሚደበቀው ከቡድን የመውጣት ፍርሃት ስላለ ነው፤ ያ ፍርሃት ቢነሣ ብዙ እግር ይድናል።

በመጨረሻም፣ ከመካከላችን አንደኛ ለመውጣት ያልታደልን ብዙዎች ነን። ከእነዚህ አንዱ ወይም አንዲቱ ፊዚዮቴራፒ ተምረው ወደ ሶዶ ቢመለሱ፣ ጧት ከልጆቹ ጋር ዳገቱን ሮጠው ከሰዓት በኋላ የታመመውን እግር ቢያክሙ፣ ለአገር የሚሰጡት አገልግሎት ከአንድ ሜዳሊያ አያንስም። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እንደተባለ፣ እግርም ትምህርትም በትዕግሥት ይጸናሉ።