ቅናት ወደ ዱላ ሳያድግ

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ዝቅ ይላል)

አቅራቢ፦ ከገጠር ቀበሌ ስንቃቸውን ይዘው እንጅባራና ዳንግላ ከተማ ቤት ተከራይተው የሚማሩ ወጣቶች አሉ። ወላጅ ሩቅ ነውና የፍቅር ጓደኝነታቸው ወደ ጥቃት ሲያዘነብል ቶሎ የሚያይላቸው የለም።

ምልክቶቹ ምንድን ናቸው? የፍቅር ጓደኛሽ «ስልክሽን ካልፈተሽኩ» ይላል። ከጓደኞችሽ ይነጥልሻል። የቤት ኪራይ ከፍሎልሽ ውለታውን በገላሽ መልሺ ይልሻል። «ፎቶሽን እለቀዋለሁ» እያለ ያስፈራራሻል። ብዙዎች «ስለሚወደኝ ነው የሚቀናው» ብለው ያልፉታል፤ ቁጥጥሩ ግን ወደ ዱላ ሊያድግ ይችላል። ወንዶች ልጆችም ከዚህ ዓይነቱ ጥቃት ነፃ አይደሉም።

(አጭር ሙዚቃ)

አቅራቢ፦ ጥቃቱ እስከ ጠለፋ ከደረሰ ደግሞ፣ በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ሴትን ለጋብቻ ብሎ የጠለፈ ከ3 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ይቀጣል። በኋላ ቢያገባትም ከተጠያቂነት አያመልጥም።

የተደፈረች ልጅ ገላዋን ሳትታጠብ፣ የለበሰችውንም ሳታጥብ ወዲያው ጤና ተቋም ትሂድ፤ ማስረጃው እንዳይጠፋ ነው። ኤችአይቪን የሚከላከለው መድኃኒትም በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት። ለፖሊስ ወይም ለምታምነው መምህር ትንገር።

ወላጆች፣ ገበያ ስትወጡ ወደ ልጆቻችሁ ክፍል ጎራ በሉ። ስለ ፈተና ውጤት ብቻ ሳይሆን ከማን ጋር እንደሚውሉም ሳትቆጡ ጠይቁ። የተቆጡት ልጅ ሁለተኛ አይናገርም።

(የመዝጊያ ሙዚቃ)