የዲኤንኤ ጥገናና የአምቦ መንገድ ታካሚዎች
(በምሩቃን ማኅበራችን የመገናኛ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



አዘጋጆቹ «ከታካሚ ወሬ ወጣ በዪና ስለ ሳይንስ አንድ ነገር አቅርቢልን» ብለውኝ ነበር። ሁለቱን መለየት ግን አልሆነልኝም። ስለ ዲኤንኤ ጥገና እናገራለሁ፤ ሳወራ ዓይኔ ላይ የሚመጡት ግን ከጊንጪ፣ ከጉደር፣ ከጌዶ፣ ከባኮ እየመጡ አምቦ ላይ የማያቸው ሴቶች ናቸው።

መጀመሪያ ስለ አንድ የገጠር ሐኪም ልንገራችሁ። ፕሮፌሰር አዚዝ ሳንጃር የተወለዱት በደቡብ ምሥራቅ ቱርክ፣ ሳቩር በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። ወላጆቻቸው ማንበብና መጻፍ አይችሉም ነበር፤ እሳቸው ከስምንት ልጆች ሰባተኛው ናቸው። በ1969 እ.ኤ.አ. ከኢስታንቡል የሕክምና ትምህርት ቤት ተመርቀው ወደ ትውልድ አካባቢያቸው ተመለሱና እንደ ብዙዎቻችን ገጠር ወርደው አከሙ። ከዚያ ወደ አሜሪካ ተሻግረው በ1977 ዶክትሬታቸውን ያዙ። የድኅረ ዶክትሬት ቦታ ሲያጡ ምን አደረጉ? ዬል ዩኒቨርሲቲ በላቦራቶሪ ቴክኒሻንነት ተቀጠሩ። ዶክተርም ሐኪምም ሆኖ ቴክኒሻን! እኛ አገር ቢሆን ዘመድ ተሰብስቦ ይመክራቸው ነበር።

እዚያ ላቦራቶሪ ውስጥ የጀመሩት ሥራ በ1983 ፍሬ አፈራ። የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር ዲኤንኤን ሲጎዳ፣ የባክቴሪያ ሦስት ፕሮቲኖች ተባብረው ከጉዳቱ ግራና ቀኝ ይቆርጡና 12 ወይም 13 ፊደል የሚያህል ቁራጭ አውጥተው ይጥላሉ፤ ክፍተቱ በአዲስ ይሞላል። በሰው ሴል የሚቆረጠው ወደ 30 ፊደል ይጠጋል። ሳንጃር ከቶማስ ሊንዳልና ከፖል ሞድሪች ጋር በ2015 የኬሚስትሪ ኖቤል የተሸለሙት በዚህ የጥገና ሥራ ነው።

ጥገናው ሲጎድል ምን እንደሚመጣ ቀደም ብሎ በ1968 ጄምስ ክሊቨር አሳይቶ ነበር። ይህ የጥገና መሣሪያ ከውልደት የጎደላቸው ልጆች ፀሐይ የነካው ቆዳቸው ገና በልጅነታቸው ካንሰር ያወጣል። ካልተጠገነ ስብራት ወደ ዕጢ የሚወስደው መንገድ እንደዚህ አጭር ሊሆን ይችላል።

በእኛ አካባቢ ግን አብዝቼ የማየው የማኅፀን በር ካንሰር ነው፤ በአገራችን ሴቶች ዘንድ ከጡት ካንሰር ቀጥሎ ሁለተኛው። የዚህኛው መንገድ ረዥም ነው። ፒ53 የሚባለው ፕሮቲን በሴላችን ውስጥ እንደ ዘበኛ ነው፤ ዲኤንኤ ሲጎዳ ሴሉ እንዳይከፈል ያቆመዋል፣ ጥገና እስኪያልቅ ያስጠብቀዋል፣ ካልተጠገነም እንዲሞት ያዛል። ኤች ፒ ቪ ቫይረስ ኢ6 በሚባል ፕሮቲኑ ይህን ዘበኛ ያስወግደዋል። ከዚያ ወዲያ ሴሉ የተሰበረውን እንደ ተሰበረ ይዞ መከፈሉን ይቀጥላል። ካንሰር እስኪሆን አብዛኛውን ጊዜ ከ15 እስከ 20 ዓመት ይፈጃል። ይኼ ሁሉ ዓመት እኮ በኮምጣጤ አሲድ ቀብተን ልናይና በዚያው ቀን ልናክም የምንችልበት ጊዜ ነው። ክትባቱ ከኅዳር 2011 ዓ.ም. ጀምሮ ለ14 ዓመት ልጃገረዶች በየትምህርት ቤቱ መሰጠት ጀምሯል፤ ደስ ይላል። እናቶቻቸው ጋ ግን አልደረሰም።

እናቶቹ የሚመጡት ደም ሲፈሳቸው ነው። በዚያ ጊዜ ብዙውን ጊዜ ቀዶ ሕክምናው አልፎበታል፤ የሚቀረው ጨረር ነው። ለጨረር ደግሞ አዲስ አበባ። ጥቁር አንበሳ ለ20 ዓመት ያህል በአገሪቱ ብቸኛው የጨረር ማዕከል ነበር፤ በኋላ ጅማ ቢጨመርም በአምቦ መንገድ ላለ ሰው ቅርቡ ያው አዲስ አበባ ነው። ከባኮ 250 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል።

አስታማሚዎች ደጋግመው የሚጠይቁኝ ጥያቄ አለ፦ «ዶክተር፣ መድኃኒቱ ኃይለኛ ከሆነ ለምን በአንድ ቀን አይጨርሱላትም?» እውነት ለመናገር ከዚህ የተሻለ የባዮሎጂ ጥያቄ አላውቅም። ጨረር የሚገድለው የዲኤንኤን ሁለቱንም ገመድ በመበጠስ ነው። በጥቂት በጥቂቱ ሲሰጥ ጤነኛው ሴል በሰዓታት ውስጥ ይጠግናል፤ ለነገው ጨረር ተዘጋጅቶ ያድራል። ጥገናው የተዛባበት የካንሰር ሴል ያን ያህል አይሆንለትም፤ ስብራቱ ይጠራቀምበታል። ስለዚህ 25 ቀን፣ በሳምንት አምስት ጊዜ፣ አምስት ሳምንት፤ ከዚያ ከውስጥ የሚሰጠው ብራኪቴራፒ ይከተላል። በየሳምንቱ የሚጨመረው ሲስፕላቲንም ዲኤንኤ ላይ እየተጣበቀ ነው የሚሠራው። የሚገርማችሁ፣ ሲስፕላቲንን ከዲኤንኤ ላይ ቆርጦ የሚያወጣው ያው ሳንጃር ያጠኑት የጥገና መሣሪያ ነው፤ እሳቸውም በኋለኛው ሥራቸው ይህንኑ ተከታትለውታል።

ችግሩ ካንሰሩም ዝም ብሎ አይጠብቅም። ጨረሩ ሲቋረጥ የተረፉት ሴሎች በፍጥነት ይራባሉ። ሕክምናው በጠቅላላ በስምንት ሳምንት ውስጥ ማለቅ አለበት የሚባለው ለዚህ ነው። ከዚያ ባለፈ በእያንዳንዱ ቀን ዕጢውን የመቆጣጠር ዕድል በ1 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። አስቡት፣ ሁለት ሳምንት ማለት ምን ማለት እንደሆነ።

አሁን ከጌዶ ወዲያ ያለችውን እናት እንያት። ላም ሸጠው፣ ከልጇ ጋር አዲስ አበባ አልጋ ይዛለች። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ሳምንት ደሙ ይቆማል፣ ሽታው ይጠፋል። ለእሷ በሽታው ያ ደምና ያ ሽታ ነበር፤ ከሰው ያራቃት፣ ከለቅሶ ቤት ያስቀራት እሱ ነው። ስለዚህ ዳነች። የአልጋው ገንዘብ አልቋል፣ ጤፉ ደርሷል፣ ትንሹ ልጅ አሞታል ተብሎ ተደውሏል። ሻንጣዋን ይዛ አውቶቡስ ተራ ትሄዳለች። ይህን «ሕክምና አቋረጠች» ብለን መዝገብ ላይ እንጽፋለን። እኔ ቃሉን አልወደውም፤ በእጇ ባለው ማስረጃ መሠረት ትክክለኛ ውሳኔ ነው የወሰነችው። ማስረጃውን ያልሰጠናት እኛ ነን።

ስለዚህ ከሪፈር ወረቀቱ በፊት፣ እናቲቱንና አስታማሚዋን አስቀምጬ በኦሮምኛ እነግራቸዋለሁ። «ሀርሜ፣ ደሙ ይቆማል፤ የቆመ ቀን ገና ግማሽ መንገድ ላይ ነሽ» እላለሁ። 25 ቀኑን ወረቀት ላይ በመስመር እየሠራን እንቆጥራለን፤ ልጇ በየቀኑ አንድ ይሰርዛል። ከብቱን ማን ያያል፣ ቤት ማን ይቀራል የሚለውንም እጠይቃለሁ። ወጣት ሐኪሞች ይህን ስጠይቅ ሲሰሙ ፈገግ ይላሉ። ይሁን። ያንን ካልጠየቅሁ ጨረሩ ስንተኛው ቀን ላይ እንደሚቋረጥ መገመት አልችልም።

አልጋው ግን በምክር አይከፈልም። ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ ከክፍለ ሀገር ለሚመጡ ታካሚዎች ማረፊያ ያዘጋጃል፤ ቦታው ግን ለመላው አገር ነው። ለማኅበራችን የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው፦ ከመዋጮው ላይ ከምዕራብ ሸዋ ለሚላኩ ታካሚዎች የስምንት ሳምንት አልጋና የትራንስፖርት ወጪ ይመደብ፤ አዲስ አበባ ያላችሁ አባላት ደግሞ ተራ ገብታችሁ በሳምንት አንድ ጊዜ ስልክ ደውሉ፤ «ዛሬ ስንተኛ ቀን ነው?» ማለት ብቻ ነው ሥራው። መምህራኖቻችን ደግሞ ለሬዚደንቶቻችሁ የመመረቂያ ርዕስ ስትሰጡ፣ በየትኛው ሳምንት፣ በምን ምክንያት እንደሚቋረጥ የሚያጠና አንድ ሰው መድቡልን።

ታካሚዎቹ የሚመዘገቡበትን ቅጽ ረቂቅ ይዤ መጥቻለሁ፤ አንድ ገጽ ናት። በሻይ ዕረፍቱ በሩ አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ላይ ታገኙታላችሁ፤ ስልክ ለመደወል ፈቃደኛ የሆነ ሰው ስሙን ከታች ይጻፍ።