ባት ነው፣ ባት ይሁን

በጋ ነው፤ ፀሐይዋ በርትታለች። ጋቢ ይወልቃል። ክንድ ይታያል፣ ባት ይታያል። ወንዝ ወርዶ የሚታጠብም ራሱን ያያል። «ቀጠንኩ» ይላል አንዱ። «ወፈርኩ» ትላለች አንዷ። «ጠቆርኩ» ይላል ሁሉም።

እዚህ ጋይንት፣ ቤተ ልሔም፣ የቅዱስ ያሬድን ድጓ ሊያስመሰክር ተማሪው ከሩቅ ይመጣል። በዱሮ ጊዜማ በእግሩ ነበር። ደርሶ ሲያዜም የኔታ የሚሰሙት ዜማውን ነው። ዜማው ቀና ወይስ ተሰበረ? የባቱን ቅጥነት ማን ጠየቀው?

ሰውነታችሁን አድንቁት አልልም። መስተዋት ፊት ቆሞ ራስን ማሞገስም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ያደክማል። ብቻ አትስደቡት። ባት ነው፤ ባት ይሁን። ሆድ ነው፤ ሆድ ይሁን። ሞቃችሁ? እጅጌ ሰብስቡ፣ ውኃ ጠጡ፣ ወደ ሥራችሁ።