ሳይቃጠል በቅጠል፦ የሁለት ጀልባዎች ጥገና



መሐንዲስ አብዛኛውን ጊዜ የሚመሰገነው በሠራው አዲስ ሥራ እንጂ ጠብቆ ባቆየው አይደለም። ድልድይ ሲመረቅ ሪባን ይቆረጣል፤ የላላ ብሎኑ ሲጠብቅ ግን የሚያጨበጭብ የለም። የጥገናን ክብደት በግልጽ ለማየት የሚፈልግ ሰው፣ መለዋወጫ የሚሸጥ ሱቅም ሆነ የሚጠራ መካኒክ በሌለበት ውቅያኖስ ላይ ለወራት የሚጓዝን የሸራ ጀልባ ቢመለከት ይበቃዋል።

በእንዲህ ያለ ጀልባ ላይ ትንሽ የሚባል ጉድለት የለም። ከውሃው ወለል 1 ሜትር ዝቅ ብሎ የተገጠመ፣ የውስጥ ስፋቱ 25 ሚሊሜትር የሆነ ጎማ ከቦታው ቢወልቅ፣ ሒሳቡ እንደሚያሳየው በሰዓት ከ4 ቶን በላይ ውሃ ወደ ውስጥ ይገባል። ይህን ጥፋት የሚከለክለው በአንድ መፍቻ የሚጠብቅ የብረት ማሰሪያ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1968 ሰንደይ ታይምስ የተባለው የእንግሊዝ ጋዜጣ፣ ብቻውን ሆኖ በየትም ወደብ ሳያርፍ ዓለምን በሸራ ጀልባ ለሚዞር ሰው ሽልማት አቀረበ። ዘጠኝ ሰዎች ተነሡ፤ የፈጸመው ግን አንድ ብቻ ነው።

ይህም ሰው ሮቢን ኖክስ-ጆንስተን የተባለ የ29 ዓመት የንግድ መርከብ መኮንን ነበር። ሱሃይሊ የምትባለው ጀልባው በቦምቤይ ከቲክ እንጨት የተሠራች፣ ርዝመቷ 10 ሜትር የማይሞላ ነበረች። ጁን 14 ቀን 1968 ከፋልማውዝ ወደብ ተነሥታ ገና በአትላንቲክ ውቅያኖስ ሳለች ውሃ ታስገባ ጀመር። ኖክስ-ጆንስተን ጠልቆ ቢመለከት፣ ከሥሯ ባለው ዋና ግንድና በጎን ሳንቃዎቿ መካከል ያለው መጋጠሚያ ተከፍቶ አገኘው። በመጀመሪያ ስንጥቁን በጥጥ ሊወትፍ ሞከረ፤ ይሁን እንጂ ትንፋሹን ይዞ በውሃ ውስጥ መዶሻ ቢመታ ጥጡ አልጸና አለው። ስለዚህ ዘዴውን ለወጠ። ጥጡን በጠባብ የሸራ ጨርቅ ላይ ሰፋ፤ ጨርቁን በሬንጅ ለወሰ፤ በመዳብ ምስማር ከስንጥቁ ላይ መታው፤ በላዩም የራዲዮ ገጣሚዎች ትተውት የሄዱትን የመዳብ ቆርቆሮ ለበጠበት። በመካከሉ ሻርክ ስለመጣበት፣ ወጥቶ በጠመንጃ እስኪገድለው ድረስ ሥራው ተቋርጦ ነበር።

ሌላ ጊዜ ደግሞ ባትሪ የሚሞላው ሞተር ብልጭታ አልሰጥ አለው። የፑንቲናው ክፍተት 15 ሺኛ ኢንች ያህል መሆን ሲገባው፣ የክፍተት መለኪያ አልያዘም ነበር። መጽሐፍ አንሥቶ ቢለካ 200 ቅጠል አንድ ኢንች ሞላ፤ ስለሆነም የአንዱ ቅጠል ውፍረት 5 ሺኛ ኢንች መሆኑን ዐወቀ። ሦስት ቅጠል ደርቦ ክፍተቱን በዚያ ለካው። ጀልባዋን ያለ ሰው እጅ የሚመራው መሣሪያ በተሰበረም ጊዜ፣ መሪውን እያሰረና ሸራዎቹን እያመዛዘነ ቀጠለ። ኤፕሪል 22 ቀን 1969 ፋልማውዝ ገባ።

የዶናልድ ክሮኸርስት ታሪክ ለዚህ ጉባኤ ይበልጥ ቅርብ ነው፤ ይኸውም ሰውየው የኤሌክትሮኒክስ መሐንዲስ ስለነበረ ነው። ቲንማውዝ ኤሌክትሮን የተባለችው ጀልባው ሦስት ጎን ለጎን የተያያዙ አካላት ነበሯት። ብትገለበጥ በምሰሶዋ ጫፍ ያለ የአየር ከረጢት ራሱ ተነፍቶ እንዲደግፋት ዐቀደ፤ ይህን የሚያዝ የኤሌክትሮኒክስ መሣሪያ ሊሠራ አስቦም ሽቦዎቹን በጀልባዋ ውስጥ ዘረጋ። ሐሳቡ ብልህነት ነበረው፤ ጊዜ ግን ዐጠረው። የተነሣው ደንቡ በፈቀደው የመጨረሻ ቀን፣ ኦክቶበር 31 ቀን 1968 ነው። በዚያ ቀን ሽቦዎቹ ከምንም ጋር አልተገናኙም ነበር፤ የውሃ ማውጫው ፓምፕ ጎማም በየብስ ቀርቶ ነበር። ክዳኖቹ ውሃ ማስገባት በጀመሩ ጊዜ፣ ያን የረቀቀ መሣሪያ ያሰበው መሐንዲስ ውሃውን በባልዲ ለመቅዳት ተገደደ። በኖቬምበር አጋማሽ የጀልባዋን ጉድለቶች በዝርዝር ጻፈ። ሆኖም መመለስን አልመረጠም፤ ያልደረሰበትን ሥፍራ ደርሻለሁ እያለ በራዲዮ ያስታውቅ ጀመር። ጁላይ 10 ቀን 1969 ጀልባዋ በአትላንቲክ ላይ ሰው አልባ ሆና ስትንሳፈፍ ተገኘች።

ለአንድ ሰው መጥፋት ምክንያቱ ጎማ ነው ማለት ድፍረት ይሆናል፤ የገንዘብ ዕዳውም፣ ኀፍረቱም፣ ብቸኝነቱም ነበሩበት። ከሙያ አንጻር ልብ ሊባል የሚገባው የሥራው ቅደም ተከተል ነው። ውሃን ማስቀረት ይቀድማል፤ የገባውን ማውጣት ይከተላል፤ ማሻሻል ከዚህ በኋላ የሚመጣ ነው። ጥገና ያልቀደመው ማሻሻያ በሚያፈስ ቤት ውስጥ እንደሚነጠፍ ምንጣፍ ነው።

ሁለተኛው ትምህርት፣ ዲዛይን የሚያወጣ ሰው ጠጋኙን ማሰብ እንዳለበት ነው። ጥጥ፣ ሬንጅ፣ ምስማርና ቁራጭ ቆርቆሮ ሱሃይሊን ያዳኑት፣ የተሠራችው በመዶሻ ሊጠገን በሚችል አሠራር ስለሆነ ነው። ከባሕር ርቆ የሚሠራ መሐንዲስም ይህ አይጠፋውም፤ በአንዲት የላስቲክ ማጥበቂያ እጦት ቆሞ የሚቀር የጉድጓድ ውሃ ፓምፕ፣ በውቅያኖስ ላይ ካለች ጀልባ ያላነሰ ከእርዳታ የራቀ ነው።

ኖክስ-ጆንስተን ለፈጣኑ ተጓዥ የተመደበውን 5,000 ፓውንድ ለክሮኸርስት ቤተሰብ መርጃ ሰጠ። ባሕሩን የሚያውቅ ሰው በወደቀው ባልንጀራው አልታበየም። አባቶች ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት የሁሉም ቤት በእሳት አጠገብ መሆኑን ስለሚያውቁ ነው። ስለሆነም እያንዳንዱ መሐንዲስ ወደ ሥራው ሲመለስ፣ አዲሱን ንድፍ ከመዘርጋቱ በፊት፣ የፓምፑ ጎማ በቦታው መኖሩን ይመልከት።