ስቱኮ የጠጣው ውሃ

ሰኔ ላይ መኪናውን አስቀብቶ በደስታ የወሰደ ሰው መስከረም ሲጠባ ጋራዡ ደጃፍ ተመልሶ ይቆማል። በሩ ላይ፣ በተለይ ከታች በኩል፣ ጥቃቅን እብጠቶች ወጥተዋል። አንዱን በጥፍር ሲጭሩት ቀለሙ ይላጣል፤ ከሥሩ እርጥብ ስቱኮ፣ ከስቱኮው ሥር ደግሞ መዛግ የጀመረ ላሜራ ይታያል። ባለመኪናው “ርካሽ ቀለም ነው የቀባችሁልኝ” ይላል። ቀለም ቀቢው “የክረምቱ ዝናብ ነው” ይላል። ብዙ ጊዜ ግን ሁለቱም አይደለም። ውሃው የገባው ከዝናቡ በፊት፣ እዚያው ጋራዥ ውስጥ፣ ስቱኮው በውሃ ሲታሽ ነው።

ስቱኮ የምንለው ከፖሊስተር የሚሠራ የላሜራ ማለስለሻ ነው። በቀላሉ እንዲታሽ ሲባል ታልክ የሚባል የድንጋይ ዱቄት በብዛት ይገባበታል። ይህ ዱቄት ያለበት ስቱኮ ከደረቀ በኋላም እንደ ሸክላ እንስራ ውሃ ይጠጣል። ሠራተኛው በእርጥብ ብርጭቆ ወረቀት ሲያሸው ላዩ ቶሎ ይደርቃል፤ ውስጡ ግን እርጥበቱን ይዞ ይቀራል። ከዚያ ፕራይመርና ቀለም ይደረብበታል፤ ውሃው መውጫ ያጣል። ፀሐይ ላሜራውን ስታግለው እርጥበቱ ወደ እንፋሎትነት ተለውጦ ቀለሙን ከሥር ወደ ላይ ይገፋዋል። ወደ ታች የወረደው ደግሞ ብረቱን ያዝገዋል።

ለምን በውሃ እንደሚያሹ አውቃለሁ። አቧራው ይቀንሳል፣ ወረቀቱም ቶሎ አይደፈንም። ቢሆንም ስቱኮ በደረቁ ነው መታሸት ያለበት። በ80 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ቅርፁን አውጡ፣ በ180 አለስልሱ፣ በ320 ጨርሱ። ከ80 ተነስቶ በቀጥታ ወደ 320 የሚዘል ሰው የ80ውን ጭረት አያጠፋውም፤ ፕራይመሩ ለጊዜው ይሸፍነዋል እንጂ ከወራት በኋላ ቀለሙ ሲሰክን ጭረቱ በፀሐይ ብርሃን ጎልቶ ይወጣል። ለአቧራው ደግሞ አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ።

ከስቱኮው ጋር የሚደባለቀው ማጠንከሪያ ላይም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ለ100 ግራም ስቱኮ 2 ወይም 3 ግራም ይበቃል። “ቶሎ ይድረቅልኝ” ብሎ መጨመር ትርፍ የለውም፤ የተረፈው ማጠንከሪያ ወደ ላይ ወጥቶ የቀለሙን መልክ ይለውጠዋል።

የስቱኮው ውፍረትም ከ3 ሚሊ ሜትር ባያልፍ ይመረጣል። ጉድጓዱን መሙላት የስቱኮ ሥራ አይደለም፤ ላሜራውን በመዶሻ ወደ ቦታው መመለስ ያለበት ባትላሜራው ነው። ያገለገለ መኪና የምትገዙ ከሆነ ትንሽ ማግኔት በስስ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ፓራፋንጎውና በሩ ላይ አንሸራቱ። በአንድ ቦታ አጥብቆ ይዞ በሌላው ከለቀቀ እዚያ ወፍራም ስቱኮ አለ። ፕላስቲክና አልሙኒየም ላይ ግን ይህ አይሠራም።

ይህ ሁሉ ከመጀመሩ፣ ብርጭቆ ወረቀትም ከመነሳቱ በፊት መኪናው በሳሙና ይታጠባል፣ ከዚያ ቅባቱ ይነሳል። ቅደም ተከተሉ መገልበጥ የለበትም፤ ሰም ወይም የዳሽቦርድ ማሳመሪያ ያለበትን ላሜራ ካሻችሁት ቅባቱን ጭረቱ ውስጥ ታስገቡታላችሁ። ቀለሙ ሲረጭ ክብ ክብ እየሆነ የሚሸሸው በዚህ ምክንያት ነው። ቤንዚንና ነጭ ጋዝ ለዚህ አይሆኑም፣ ራሳቸው ቅባት ይተዋሉ። ቅባት ማንሻውን በአንድ ጨርቅ ቀብታችሁ ሳይደርቅ በሌላ ንጹህ ጨርቅ ጥረጉት።

ከሶማሌ ተራ የተገዛ ያገለገለ ኮፈን ወይም ፓራፋንጎ ሲሆን የድሮው ቀለም ምን እንደሆነ አይታወቅም። ቲነር የነካ ጨርቅ ለጥቂት ደቂቃ አስቀምጡበት። ቀለሙ ጨርቁን ካቀለመው ወይም ከተሸበሸበ፣ እስከ ብረቱ መነሳት አለበት።

ብረቱ ከተራቆተ በኋላ በባዶ እጅ አትንኩት፤ የላባችን ጨው ዝገት ይጠራል። በዚያው ቀን ሁለት ፈሳሽ ተደባልቆ የሚሠራውን ኤፖክሲ ፕራይመር ቀቡት። እርጥበትን ከብረቱ የሚያርቀው እሱ ነው። ለአጥር በር የሚሆነውን ቀይ አንቲራስት መኪና ላይ የሚቀቡ አሉ። ዋጋው ስለሚቀንስ ነው፤ ነገር ግን ከላይ የሚመጣው የመኪና ቀለም ቲነሩ ኃይለኛ ስለሆነ አንቲራስቱን ያነሳዋል፣ ላዩም ይጨማደዳል። እባካችሁ ይህ ይቅር።

ውሃ የሚገባበት ሌላው በር ኮምፕሬሰሩ ነው። አየር ሲታመቅ በውስጡ ያለው እርጥበት ውሃ ሆኖ ታንኩ ሥር ይጠራቀማል። ከታንኩ በታች ያለው መክፈቻ በየቀኑ ተከፍቶ ውሃው ካልፈሰሰ፣ ጠብታው በቱቦው ሄዶ ከፕራይመሩ ጋር ይረጫል። በሐምሌና በነሐሴ ጠዋት ላሜራው ቀዝቅዞ ጤዛ ያወጣልና፣ ብረቱ እስኪሞቅ መታገስ የግድ ነው።

ስለ ሠራተኛው አንድ ነገር ልበል። የመሙያ ፕራይመር ማጠንከሪያ ውስጥ አይሶሳያኔት የሚባል ኬሚካል አለ፤ አስም ሊያስይዝ ይችላል። የአቧራ ጭንብል አያግደውም። ንጹህ አየር ከውጭ በቱቦ የሚያመጣ ጭንብል ያስፈልጋል። የጋራዥ ባለቤቶች ይህን ወጪ ከደመወዝ እኩል ቢያዩት እወዳለሁ።

ባለመኪናዎች ደግሞ ቀጠሮ ስትይዙ ቀለሙ ከመረጨቱ በፊት፣ መኪናው ፕራይመር ላይ እያለ ሄዳችሁ እዩት። ጥሩ ቀለም ቀቢ ፕራይመሩ ላይ ስስ ጥቁር ቀለም ብናኝ አድርጎ ይነፋበታል፤ ሲያሽ ጥቁሩ ካልጠፋ እዚያ ገና ጎድጎድ ያለ ቦታ አለ ማለት ነው። ፕራይመሩ ራሱ በደንብ ከደረቀ በ600 ወይም በ800 ቁጥር በውሃ ቢታሽ ችግር የለውም። ስቱኮው ብቅ ያለበት ቦታ ካያችሁ ግን ውሃው ይቁም፣ በደንብ ይድረቅ፣ ቦታው እንደገና ፕራይመር ይቀባ በሉ። ይህ አንድ ተጨማሪ ቀን ሊወስድ ይችላል፤ ቀኑን ስጧቸው።