ከሰማንያው ቀን በኋላ የሚቀሩት ዐሥር ቀናት

(በሸዋ ሮቢት ለቀወት ወረዳ ካህናትና የሰበካ ጉባኤ አባላት የቀረበ ንግግር)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



በይፋት ቆላ ማሽላው ተወቅቶ ጎተራ ሲገባ ወርኃ ጥር ይደርሳል፤ ከጥር ጋር ሠርግ ይመጣል። ስለ ሕግ ለመነጋገር ይህን ጊዜ የመረጥነው ስለዚህ ነው።

የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 79/1995፣ የጋብቻን ዕድሜ ለወንዱም ለሴቷም 18 ዓመት አድርጎታል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 648 ለአካለ መጠን ያልደረሰችን ልጅ ያገባ ሰው ልጅቱ 13 ዓመት የሞላት ከሆነች እስከ 3 ዓመት፣ ያልሞላት ከሆነች እስከ 7 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እሥራት እንዲቀጣ ይደነግጋል። ሕጉ ግልጽ ነው፤ ጉዳዩ የሚሰናከለው በማስረጃ ላይ ነው። አባት «18 ሞልቷታል» ይላል፤ ጎረቤት ዝም ይላል፤ የልደት ወረቀት የለም።

ይህን ወረቀት ለማስገኘት ከቤተ ክርስቲያን የቀረበ ማን አለ? ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ትጠመቃለች። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 760/2004 ደግሞ ልደት በ90 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ ያዛል። ከጥምቀቷ በኋላ ዐሥር ቀን ይቀራል ማለት ነው። (ወንዱ በ40 ቀኑ ስለሚጠመቅ ሰፊ ጊዜ አለው፤ እንደ ልማዱ የሚጠበው ለሴቷ ነው።) ካህኑ ክርስትና ባነሣበት ዕለት ወላጆችን «ቀበሌ ሂዱ» ቢላቸው፣ በደብሩም መዝገብ ከጥምቀቱ ቀን ጎን የልደቱን ቀን ቢጽፍ፣ ከዓመታት በኋላ ዕድሜዋ አያከራክርም።

ስለ ራሳችን ስለ ዲያቆናትም እንናገር። ክህነት የሚቀበል ሰው ድንግል እንዲያገባ ሥርዓታችን ያዝዛል። በዚህ ሰበብ ለዲያቆን የምትታጨው ልጅ ከሌላው ሰው ሙሽራ ይልቅ ሕፃን ሆና ቆይታለች። ሥርዓቱ የጠየቀው ግን ድንግልናን ነው፤ ሕፃንነትን አልጠየቀም። የዲያቆን እጮኛ ዕድሜ ሳይጣራ ተክሊል ባይፈጸም ምእመናኑ ከስብከታችን ይልቅ ይህን ያያሉ።

ሽምግልናን በሚመለከት፣ በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊ የጠለፋትን ካገባ ከቅጣት ያድነው ነበር። የ1996ቱ ሕግ ያን ሽሮ በአንቀጽ 587 ለጠለፋ ከ3 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እሥራት ወስኗል። ሆኖም «ነገሩን በትዳር እንዝጋው» የሚል ሽማግሌ ዛሬም ካህን ይዞ ይመጣል። ዕድሜዋ ከ13 ዓመት በታች የሆነች ልጅ ከተደፈረች ደግሞ ቅጣቱ ከ13 እስከ 25 ዓመት ነው፤ እንዲህ ያለው ጉዳይ በካሣ የሚታረቅ አይደለም። የንስሐ አባት ምስጢር መጠበቁ የታወቀ ነው፤ ምስጢር መጠበቅ ግን ዕርቅ አስቀምጦ ክስ ከማስቀረት ይለያል። ባል ሚስቱን ሲደበድብም «የቤት ነገር ነው» አይባልም፤ አንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ላይ የሚደርስን ጥቃት ወንጀል አድርጎታል።

በይፋት ከሙስሊም ወንድሞቻችን ጋር ገበያውም ለቅሶውም አንድ ነው፤ የቀበሌው የምዝገባ ጠረጴዛም እንዲሁ። ስለዚህ የሰበካ ጉባኤያት ከጥር በፊት ከመስጊድ ሽማግሌዎች ጋር ተቀምጠው፣ በየቀበሌው ሊደገሱ የታሰቡትን ሠርጎችና የሙሽሮቹን ዕድሜ አብረው እንዲያዩ እንጠይቃለን።